ፍሪሲዮን ላይ የቀረው እግር

«የሌለ እግር አመመኝ የሚል ሰው፣ ነገ ደግሞ የሌለች ሚስቴ ደበደበችኝ ማለቱ አይቀርም» አለ የሾፌሩ እህት ባል። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ ማዶ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሾፌሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር፤ እጁ ቁልፉ ላይ ቀረ። ቤቱ ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። እህቱ የፊቱን የሴቶች ፀጉር ቤት አድርጋው፣ ከኋላ የተረፈችውን ቁራጭ በኮምፔርሳቶ ጋርዳ ለእሱ ሰጥታዋለች። ኮምፔርሳቶ ደግሞ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። ሾፌሩ እዚያች ጉረኖ ውስጥ ተጋድሞ የሰፈሩን ሴቶች ምስጢር ሁሉ ጠጥቶታል፤ የትኛዋ ሽበቷን ተደብቃ እንደምትቀባ፣ የየትኛዋ ባል ስልኩን ሽንት ቤት ይዞ እንደሚገባ፣ ባለ ዳቦ ቤቷ ከአማቷ ጋር በምን እንደተኮራረፈች። የራሱን ገመና ግን ገና ዛሬ መስማቱ ነው።

«ማክሰኞ የአእምሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አስይዤለታለሁ» ቀጠለ የእህቱ ባል። «እዚያው ካስተኙትም ይተኛ። ክፍሏን የሚፈልግ ሰው አለ።» ሰውየው ሥራው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ቀኑን ሙሉ በየሰው አጥር ሥር እያጎነበሰ ቆጣሪ ሲያነብ ስለሚውል፣ ቆጣሪ ላይ ያልታየ ነገር በዓለም ላይ የለም ብሎ ያምናል። ክፉ ሰው አይደለም። ሾፌሩ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ በየቀኑ ሾርባ ያመላለሰለት እሱ ነው። ያኔ ግን ቁስሉ ይታይ ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ጉማጁ እንደ ሕፃን ጉልበት ለስልሶ፣ ሰውየው አሁንም ሌሊት ሌሊት ማቃሰቱን አለመተዉ ለቆጣሪ አንባቢው ሒሳቡ የማይገጥም ነገር ሆነበት።

ሾፌሩን ያንገበገበው ግን የሰውየው ነገር አልነበረም። የእህቱን ድምፅ ጠበቀ። ተው እንጂ፣ ወንድሜ እኮ ነው ትላለች ብሎ ጠበቀ። አንዲቷ ደንበኛ «ውይ ምስኪን» አለች፤ ሌላዋ ሙቀቱ በዛብኝ አለች። ከእህቱ በኩል የተሰማው የፀጉር ማድረቂያው ማጓራት ብቻ ነበር። ታናሹ ናት። አባታቸው ሲሞት ክንዱ ላይ ታቅፎ ያሳደጋት፣ የመጀመሪያዋን ማበጠሪያ የገዛላት እሱ ነው። አንድ ቃል መተንፈስ አቅቷት ማድረቂያ ታስጓራለች።

ከጉረኖው መውጫው በፀጉር ቤቱ በኩል ብቻ ስለሆነ ክራንቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጋረጃውን ገለጠው። ወሬው ቆመ። ሁሉም በአንድ ጊዜ የየራሳቸውን ጥፍር ማየት ጀመሩ። እህቱ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ ሻይ ሳትጠጣ?» አለችው። «ስብሰባ አለብኝ» አላትና በሩ ጋ ሲደርስ ወደ ባልየው ዞር አለ። «በነገራችን ላይ፣ ሚስቴ ሰላም ብላሃለች። ዛሬ አልመታችኝም።»

ስብሰባው የውሸት አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ዶክተር እጅና እግራቸውን ያጡ ሰዎችን እየዞረች ስትጠይቅ ነበር። ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ሆስፒታል እየጠራች አንድ ነገር ስታሠራቸው ከርማለች፤ ሾፌሩ ለዚያ አልተጠራም። አሁን «የጥናቱን ውጤት ለባለቤቶቹ እንመልሳለን» ብላ ሁሉንም በስልክ ጠርታለች። ሾፌሩ የሄደው ውጤት ፈልጎ አይደለም። ጠያቂ ሲመጣ እንጂ መልስ ይዞ የሚመለስ ሰው አይቶ አያውቅም። የሄደው ከፀጉር ቤቱ ለመሸሽ ነው፤ ደግሞም ሻይና ብስኩት አለ ተብሏል።

የሙያ ማሠልጠኛው አዳራሽ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ጎኑ የተቀመጠችው ቀኝ እጇን ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የበላባት ሴትዮ ናት። ሁሉም «ሳሙናዋ» ነው የሚሏት፤ እሷም ስትተዋወቅ ራሷን እንደዚያው ትጠራለች። ገና ከመቀመጧ «ብስኩቱ የቱ ጋ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ዶክተሯ ፕሮጀክተሩን ከፈተች። ግድግዳው ላይ ቀይና ሰማያዊ እንጨቶች ተደረደሩ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። «በጣልቃ ገብነቱ ቡድን ውስጥ የታየው የሕመም መጠን አማካይ ቅነሳ በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው ነው» አለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ማንኮራፋት ጀመሩ። ዶክተሯ ላብ በላብ ሆና ሌላ ሥዕል አመጣች፤ እሱም ትርጉም ያለው ሆነ። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ሳሙናዋ የቀረ እጇን አወጣች። «ዶክተርዬ፣ ይቅርታ። ትርጉም ያለው ከሆነ ለምን ትርጉሙን አትነግሪንም?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሽማግሌውም ነቁ። ዶክተሯ ቀላች። ግድግዳውን አየችው፣ ሰዎቹን አየች፣ ከዚያ ፕሮጀክተሩን አጥፍታ ወንበር ጎትታ ከፊታቸው ተቀመጠች። ስትቀመጥ ድምፅዋም አብሮ ወረደ። «እሺ» አለች። «የተቆረጠ እግር በእውነት ያማል። የተቆረጠ እጅ በእውነት ያማል። ጭንቅላታችን ውስጥ እያንዳንዱ አካላችን ቦታ አለው። እግሩ ሲሄድ ቦታው አብሮት አይሄድም፤ እዚያው ተቀምጦ ይጣራል፣ መልስ ሲያጣ ይጮኻል። ሕመሙ ውሸት አይደለም። እብደትም አይደለም። ከጠየቅኳችሁ ውስጥ አብዛኞቻችሁ አለባችሁ፤ እኔም ለአንዳችሁም ሳልናገር አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ስጽፍ ከረምኩ።»

ከዚያ ከመሀል አንድ ዘበኛ «የእኔ አውራ ጣት ያሳክከኛል!» ብሎ ጮኸ፤ ጮኾም ደነገጠ። «የእኔን ውሻ የሚነክሰው ይመስለኛል» አለች ሌላዋ። «እኔ ሲዘንብ ካልሲዬ ይርሳል» አሉ ሽማግሌው፣ ሰው እስኪስቅ ጠበቁ፤ ማንም አልሳቀም። ሾፌሩ ዙሪያውን አየ። በየቤቱ፣ በየኮምፔርሳቶው ኋላ ትራስ ነክሶ ያደረ ሰው ሁሉ እዚህ ተሰብስቧል፤ ሁሉም ብቻዬን ያበድኩ መስሎት። ሳሙናዋ ወደ እሱ ጠጋ ብላ «እኔ ጨብጬው ነው ያለሁት» አለችው፣ የሌለ ጡጫዋን ዓይኗ እያየ። «ጥፍሬ መዳፌን ይወጋኛል።»

ዶክተሯ እየጮኸች ቀጠለች። መስታወት ብላ ጀመረች፤ በመስታወት ጭንቅላትን ማታለል እንደሚቻል፣ ለአንዳንዱ ሰው ቶሎ እንደሚያስታግስ፣ ለአንዳንዱ ብዙ ቀን እንደሚፈልግ፣ ለአንዳንዱም ጭራሽ እንደማይሠራ ተናገረች። አሠራሩን ማስረዳት ስትጀምር ግን ሻዩ ገባ። ሕዝብ ደግሞ ከሻይና ከጥናት ምን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው። በጭልፋውና በብስኩቱ ግርግር መሀል ሾፌሩ የሰማው «መስታወት» እና «በየቀኑ» የሚሉትን ብቻ ነበር። ዶክተሯ ተስፋ ቆርጣ ስልክ ቁጥሯን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈችና «ያልገባው ይደውል፣ እኔ ነኝ የማነሣው» አለች።

ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ቀዝቅዟል። አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ብቻ ፀጉራቸውን በቢጎዲ ጠቅልለው ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ አይሰማም፣ ራሱ ግን ይጮኻል። ሾፌሩ ግድግዳው ላይ ካለው መስታወት ፊት ተቀመጠና ራሱ ላይ አፈጠጠ። ያልተላጨ፣ የከሳ፣ የተናደደ ሰው መልሶ አፈጠጠበት። ምንም የለም። እግሩ እንደሆነ እንደ ጠዋቱ እየነደደ ነው። ጥግ ላይ ግን የሙሽራ መስታወቱ ቆሟል፤ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ የሚያሳይ፣ ባለ ወርቅማ ክፈፍ፣ እህቱ ከልጅ አስበልጣ የምትሳሳለት።

«እሱን እንዳትነካው» አለች ፎጣ እያጠፈች። «ቅዳሜ ሙሽራ አለችኝ።»

«እግሬን ላየው ነው።»

«የቱን?» ብላ፣ ከአፏ ከወጣ በኋላ ከንፈሯን ነከሰች።

ሾፌሩ ሊሰድባት ነበር። ስድቡን ሲፈልገው ግን ሌላ ነገር አገኘ። «ያን ቀን ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬኑ እምቢ አለኝ» አላት። «ማርሽ ላወርድ ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት። ባለኝ ጉልበት ረገጥኩት። ግንቡ የመጣው ያኔ ነው። እግሬን ከዚያ ቆርጠው አወጡት ትያላችሁ። አላወጡትም። እስካሁን እዚያው ነው፤ ፍሪሲዮን ላይ። ቀን ረግጫለሁ፣ ሌሊት ረግጫለሁ። ባቴ ተሳስሮ ድንጋይ ሆኗል፣ ጣቶቼ ታጥፈዋል። ልልቀቀው እላለሁ፣ የምለቅበት እግር የለኝም። ይኸው ነው። እብደት ከሆነም ማክሰኞ ውሰጂኝ።»

እህቱ ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። አስተማሪዋ ከካስኩ ውስጥ «ደረቀልኝ ወይ?» ብለው ጮኹ። «ገና ነው!» ብላ መልሳ ጮኸችባቸውና መስታወቱን በጎማው እየገፋች አመጣችው።

መምጣቱስ መጣ፣ እንዴት እንደሚሆን ግን ሁለቱም አያውቁም። ፊት ለፊት አቆሙት፤ ጉማጁን አሳየው። ወደ ጎን አዞሩት፤ ካስኩን አሳየው። ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ዶክተሯ አነሣች፤ ሚኒባስ ውስጥ ናት፣ ረዳቱ ሰው ሲጠራ ይሰማል።

«ዶክተር፣ መስታወቱን የት ነው የማደርገው?»

«በእግሮችዎ መሀል!»

«እ?»

«በእግሮችዎ መሀል ነው የሚገባው፣ ጋሼ! በቁመቱ! መጀመሪያ ሱሪዎን ወደ ላይ ይሰብስቡ!» ከስልኩ ወዲያ ሚኒባሱ ጭጭ አለ። ረዳቱም መጥራቱን ተወ። «ሐኪም ነኝ» ስትል ተሰማች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። «ሾፌር፣ እዚሁ ጋ ወራጅ አለ።» በር ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ከመንገድ ዳር ሆና እያለከለከች አስረዳችው። ደህናው እግር በሚያሳየው ፊት በኩል፣ ጉማጁ ከጀርባው ተደብቆ፣ መስታወቱ መሀላቸው እንደ ግድግዳ። ዓይኑን ከመስታወቱ ውስጥ እንዳያነሣ፣ ደህናውን እግሩን ቀስ አድርጎ እንዲያንቀሳቅስ፣ የሌለውንም በሐሳቡ አብሮ እንዲያንቀሳቅስ። «ከባሰብዎት ያቁሙ። ምንም ካልተሰማዎትም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።»

ጫማና ካልሲውን አወለቀ። እህቱ ከመስታወቱ ጀርባ ተንበርክካ ክፈፉን በሁለት እጇ ያዘች። ሾፌሩ አጎንብሶ አየ፤ ግራ እግሩ ተቀምጧል። ሙሉ እግር፣ ከነቁርጭምጭሚቱ። መጀመሪያ ያስተዋለው ጥፍሩ አለመቆረጡን ነው፤ አፈረበትም። ከዚያ ቀኝ ጣቶቹን ዘረጋ። መስታወቱ ውስጥ የግራዎቹ ተዘረጉ። ተረከዙን መሬት ላይ ተክሎ መዳፉን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣው፤ አንድ ሾፌር ማርሹ ከገባለት በኋላ ፔዳሉን እንደሚለቀው፣ በጥንቃቄ፣ መኪናው እንዳይንገጫገጭ። ግራ እግሩ ለቀቀ። ሕመሙ ብን ብሎ አልጠፋም። ተወጥሮ የኖረ ገመድ ላላ። ከባቱ ላይ አንድ ነገር እየሞቀ ወደ ታች ፈሰሰ፤ ሾፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ለቀቀ። ረገጠ፣ ለቀቀ።

የእህቱን ፊት አያይም፤ ከክፈፉ ላይ የሚታዩት ቀለም የነካቸው ጣቶቿ ብቻ ናቸው። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማ።

«ምነው ያኔውኑ ብትነግረኝ?»

«ነግሬሻለሁ። አመመኝ ብዬሻለሁ።»

ከመስታወቱ ጀርባ ሆና «ማክሰኞ ቀጠሮ የለህም» አለች። «ክፍሏም የምትከራይ ክፍል አይደለችም።» አስተማሪዋ ካስኩን ራሳቸው ቀና አድርገው ወጡና፣ ሱሪውን ሰብስቦ በአንድ እግሩ መኪና የሚነዳውን ሰውዬና ከሙሽራ መስታወት ጀርባ ተንበርክካ የምታለቅሰውን ፀጉር ሠሪያቸውን አይተው፣ ተመልሰው ገቡበት።

ሾፌሩ ያን ዕለት ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። መስታወቱ ከተነሣ በኋላ ሕመሙ እያዘገመ መመለሱ አልቀረም፤ ቢሆንም እንደ ጠዋቱ የጠበቀ አልነበረም። ከአዳራሹ ሲወጡ ቁጥሯን ተቀብሏት ነበርና ሳሙናዋ ጋ ደወለ። ሥራዋን ጨርሳ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰች፤ እጅጌዋን ከደጃፉ ጀምሮ እየጠቀለለች። እህቱ ጠረጴዛውን ጠርጋ የግድግዳውን አነስተኛ መስታወት አወረደችላት። በዚያው ሰዓት ሁለት ደንበኞች ገቡ። እህቱ መያዝ አልቻለችም፤ ሾፌሩም ክራንች ይዞ መስታወት መያዝ አይሆንለትም። ቆጣሪ አንባቢው የሥራ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የገባው በዚህ መሀል ነው።

«ና ያዝ» አለችው ሚስቱ።

«ምኑን?»

«ያዝ አልኩህ እኮ!» ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ነገር ለሰውየው አዲስ ነበር። ቦርሳውን አስቀምጦ ያዘ።

ሳሙናዋ ደህናውን እጇን ከመስታወቱ ፊት ዘረጋች። ጨበጠች፣ ፈታች። ሾፌሩ ዶክተሯ ያለችውን አንድ በአንድ ይነግራታል። ሴቶቹ ቢጎዲያቸውን በእጃቸው ይዘው አንገታቸውን አሰገጉ። እንደገና ጨበጠች፣ ፈታች። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ብዙ ቆይታ እጇን ሰበሰበችና «ምንም» አለች። «እንደጨበጠ ነው፣ የተረገመ።»

ሾፌሩን የገዛ ደስታው አሳፈረው። ቆጣሪ አንባቢው ከመስታወቱ በላይ ብቅ ብሎ «እኔ እኮ ብዬ ነበር» አለ።

«ዶክተሯም ብላለች» አለው ሾፌሩ። «ለአንዳንዱ አይሠራም፣ ለአንዳንዱ ብዙ ቀን ይፈልጋል ብላለች። ያንተና የዶክተሯ ልዩነት፣ እሷ የታመመውን ሰው ሳትሰማ ያለችው ነገር የለም።»

ሳሙናዋ ስለ ልዩነታቸው ደንታም አልነበራት። እጇን መልሳ ዘርግታለች። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?» አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳታነሣ። «እስከዚያ አንዴ ልድገመው።»

«ኧረ ክንዴን አመመኝ» አለ ቆጣሪ አንባቢው።

ሳሙናዋ ቀና ብላ ክንዱን ከትከሻ እስከ ጣት አየችው። «የቱ ጋ? ምንም የሚታይ ነገር የለውም እኮ።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ ጠዋት በሾፌሩ ላይ ከተሳቀው የባሰ ሳቁ። የሰውየው ጆሮ ቀላ። መስታወቱን ግን አላወረደውም፤ ሳሙናዋ ደግማ ጨርሳ፣ በቃኝ ብላ እጅጌዋን እስክታወርድ ድረስ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ ይዞት ቆመ።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሾፌሩ ከደንበኞቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እህቱ መጥረጊያ አምጥታ የቀኑን ፀጉር መሰብሰብ ጀመረች፤ ጥቁሩን፣ ቡናማውን፣ ቀለም የቀመሰውን። እየጠረገች ከወንበሩ ሥር ደረሰች፤ መጥረጊያው ባዶው ቦታ ላይ ሊያልፍ ሲል እጇ ቆመ።

«ጋሼ፣ እግርህን አንሣልኝ» አለች።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም።»

ሁለቱንም አነሣ።